ያገለገለ ሚኒባስ ሲገዛ፤ የትኛው ሞተር ለየትኛው መንገድ?

በዚህ መጽሔት አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ ዜና አጻጻፍ፣ ስለ ሬዲዮ ፕሮግራምና ስለ ሚዲያ ሕግ ነው። እኔ ዛሬ ወደ ጋራዥ ልወስዳችሁ ነው። ነገሩ ከትምህርታችን የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል፤ መጨረሻ ላይ ግን ተመልሰን እዚሁ ክፍላችን ውስጥ እንገናኛለን።

አጎቴ ተወልዶ ያደገው ኮልፌ ነው። ከዐሥር ዓመት በላይ የሰው ታክሲ ነድቷል። ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ማታ ለባለንብረቱ የዕለቱን ገቢ አስረክቦ የተረፈችውን ይዞ ይገባል። ዘንድሮ ዕቁብ ደረሰው። እናቴም ለክፉ ቀን ካስቀመጠችው ላይ ጨመረችለትና “እንግዲህ የሰው መኪና በቃኝ፣ የራሴን ሚኒባስ ልግዛ” ብሎ ተነሣ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ደላላው “ቤንዚን ግዛ፤ ድምፁ አይሰማም፣ ተሳፋሪ ይወደዋል” አለው። አብሮት የሚነዳ ጓደኛው “ናፍጣ ካልሆነ እንዳትሞክረው፤ ቤንዚን ገንዘብህን ጠጥቶ ይጨርሰዋል” አለው። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ “በዚህ ዘመን ማን ነዳጅ ይገዛል? ኤሌክትሪክ ነው እንጂ” ብሎ ሳቀበት። ሦስት ሰው፣ ሦስት ሞተር። አጎቴ ግራ ቢገባው ወደ እኔ ዞሮ “አንቺ ጋዜጠኛ ልሆን ነው ትያለሽ አይደል? እስቲ ጠይቀሽ አጣሪልኝ” አለኝ።

እኔም ደብተሬን ይዤ ተነሣሁ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ በሰፈራችን ጋራዦች ስዞር ያገኘሁትን ነው ከዚህ በታች የምጽፍላችሁ። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ይባል የለ? በተለይ የቤተሰብ ጥሪት ተይዞ ሲኬድ መጠርጠር ነውር አይደለም።

ለምን ያገለገለ?

መጀመሪያ “ለምን አዲስ አይገዛም?” የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ አጭር ነው፤ አቅም የለም። አገሩም ራሱ በዚህ ጉዳይ ተቀያይሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። በዚህም የተነሣ አገር ውስጥ ቀድመው የገቡት የነዳጅ መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ዋጋቸውን እንደያዙ ቆይተዋል። ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራ ሚኒባስ ሲሸጥ ዋጋውን ብትሰሙ “ይሄ መኪና ነው ወይስ ቤት?” ትላላችሁ።

ስለዚህ እንደ አጎቴ ያለ ገዢ ፊት የሚቀርቡት ሁለት ዓይነት ቶዮታ ሃያስ ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው እኛ “ዶልፊን” የምንለው፣ የ1990ዎቹ የፈረንጅ ዘመን ሥሪት ነው። ሁለተኛው ቶዮታ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣው ትልቁ፣ “አባዱላ” የምንለው ነው። ሁለቱም በቤንዚንም በናፍጣም አሉ። ውጪያቸው ተመሳስሎ ውስጣቸው ይለያያል፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

የሳሳ አየር

ስለ ሞተር ስንነጋገር አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን አንርሳ። ይህ ለሯጮቻችን በረከት ነው፤ ለሞተር ግን ፈተና ነው።

ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። አየር ይስባል፣ ከነዳጅ ጋር ያቃጥላል፣ ከቃጠሎውም ጉልበት ያገኛል። በእኛ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። አየሩ ሲያንስ ሞተሩ ማቃጠል የሚችለው ነዳጅም ያንሳል። ስለዚህ ተርቦ የሌለው ሞተር ቤንዚንም ሆነ ናፍጣ፣ ፋብሪካው በወረቀት ላይ ከጻፈለት የፈረስ ጉልበት ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህሉን አዲስ አበባ ሲገባ በር ላይ ጥሎት ይገባል ማለት ነው። ሻጩ “መቶ ፈረስ ጉልበት አለው” ቢላችሁ፣ ሰማንያ ብላችሁ ያዙት።

ሌላም ነገር አለ። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውኃ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው በክዳኑ ታፍኖ የሚፈጠረው ግፊት ነው። ክዳኑ ላልቶ ከሆነ፣ አሥራ ምናምን ሰው ጭኖ ዳገት የሚወጣ ሞተር ሳይታሰብ ይፈላል። የፈላ ሞተር ቴስታታው ይሰነጠቃል ወይም ጓርኒሲዮኑ ይበላል። የአንዲት ክዳን ጉዳይ የሞተር ጉዳይ ሆኖ ያርፈዋል።

ቤንዚን፤ ጸጥተኛውና በላተኛው

የቤንዚን ሞተር አየርና ነዳጅ ቀላቅሎ ያምቅና በካንዴላ እሳት ይለኩሰዋል። አየሩን የሚያምቀው ዘጠኝ ወይም ዐሥር እጥፍ ያህል ነው። እመቃው ለስለስ ያለ ስለሆነ ሞተሩ ቀላል ነው፣ አይንቀጠቀጥም፣ በብርድ ቶሎ ይነሣል።

በዶልፊኖች ላይ የሚገኙት የቤንዚን ሞተሮች 1አርዜድና 2አርዜድ ሲሆኑ፣ በአባዱላው ላይ 1ቲአርና 2ቲአር ናቸው። እነዚህ አንድ ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ ታይሚንጋቸው በሰንሰለት እንጂ በቺንጋ አይሠራም። ሰንሰለት ሲያረጅ ድምፅ እያሰማ ያስጠነቅቃል፤ ቺንጋ ግን ብዙውን ጊዜ ሳይናገር ነው የሚበጠሰው።

ነዳጁን በካርቡሬተር የሚወስድ አሮጌ ቤንዚን ከሆነ በእኛ ከፍታ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካርቡሬተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ በቆላው ልክ ነዳጅ ይለቃል። ውጤቱ ጥቁር ጭስና የባከነ ቤንዚን ነው። ኢንጄክሽን ያለው ሞተር ግን በሴንሰር አየሩን እየለካ ነዳጁን ይቀንሳል። ስለዚህ ቤንዚን የሚገዛ ሰው ኢንጄክሽኑን ቢመርጥ ይሻለዋል።

የቤንዚን ድክመቱ ሆዱ ነው። ቆም ሄድ በሚበዛበት መንገድ፣ ማለትም ታክሲ በሚውልበት መንገድ፣ ከናፍጣው የበለጠ ይበላል። አጎቴ “ተሳፋሪ ድምፁን ይወደዋል ይሉኛል፤ ነዳጁን የሚከፍለው ግን ተሳፋሪው አይደለም” ያለው ለዚህ ነው።

ናፍጣ፤ ጩኸታሙ ሠራተኛ

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን ሃያ እጥፍ ያህል ያምቀውና በጣም ያግለዋል፤ ከዚያ ናፍጣው በኖዝል ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። የናፍጣ ሞተር ከባድ፣ ጩኸታምና የሚንቀጠቀጥ የሆነው ከዚህ እመቃ የተነሣ ነው። ነዳጅ የሚቆጥበውም ከዚሁ የተነሣ ነው። በብርድ ጠዋት አየሩ ቶሎ ስለማይግል ካንዴሌታ የምትባል ማሞቂያ ታግዘዋለች። ሹፌሩ ቁልፉን ግማሽ አዙሮ ትንሽ የሚጠብቀው እሷን ነው።

በሰፈራችን ጋራዦች ስሙ በየአፉ የሚጠራው የኤል ቤተሰብ ነው፤ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል። 2ኤል 2.4 ሊትር፣ 3ኤል 2.8 ሊትር፣ 5ኤል 3 ሊትር ገደማ ነው። ሦስቱም ሜካኒካል ናቸው፤ መካኒኩ በቁልፍና በጆሮው የሚሠራቸው፣ መለዋወጫቸውም መርካቶ ወርዶ የሚገኝ። ታይሚንጋቸው ግን በቺንጋ ነው። ሻጩ “ቺንጋው ተቀይሯል” ቢል እንኳ ገዢው ከገዛ በኋላ መጀመሪያ የሚያወጣው ወጪ የቺንጋ መሆን አለበት ሲሉ ያነጋገርኳቸው መካኒኮች በሙሉ ተስማምተዋል። በሌላ ነገር አልተስማሙም፤ በዚህ ግን ተስማሙ።

ከከፍታው ጋር ሲያያዝ 2ኤል ያለ ተርቦ ሲሆን ሞልቶ ዳገት ላይ ይደክማል። ሹፌሩ ሳይወድ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሲያስጮኸው ይውላል፤ ሙቀቱ የሚመጣውም ያኔ ነው። 3ኤልና 5ኤል ሰፋ ያለ ሳምባ ስላላቸው ይሻላሉ።

ተርቦ ያላቸውስ? ተርቦ ማለት በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ማራገቢያ ነው። ለአዲስ አበባ የተሠራ የሚመስል ነገር ነው፤ ከፍታው የወሰደውን አየር በከፊል ይመልሳል። የአባዱላዎቹ 2ኬዲና 1ኬዲ ተርቦ ናፍጣዎች ስለሆኑ ዳገት ላይ ይጎትታሉ። ነገር ግን ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት የሚረጩት በኮምፒውተር በሚታዘዙ ኖዝሎች ነው። እነዚህ ኖዝሎች ቆሻሻና ውኃ የነካው ናፍጣ አይችሉም። ሰልፍ ሲረዝም ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠውን ናፍጣ አሮጌው 3ኤል እየተነጫነጨ ይጠጣዋል፤ 1ኬዲ ግን ይታመማል። ሕክምናውም ውድ ነው። ተርቦው ራሱ ንጹሕ ዘይት ይፈልጋል፤ ሲሮጥ ቆይቶ ቁልፉ ወዲያው መጥፋት የለበትም፣ ጥቂት ቆሞ መብረድ አለበት። የራሱን መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ያደርጋል። ለገቢ የተሰጠ መኪና ግን በዚህ ረገድ ምን እንዳሳለፈ ማንም አያውቅም።

ኤሌክትሪክ፤ አዲሱ እንግዳ

በኤሌክትሪክ መሄድ ለሰፈራችን እንግዳ አይደለም። የቀላል ባቡሩ የምዕራብ መጨረሻ ጦር ኃይሎች ሲሆን አገልግሎት የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ ሚኒባሶች በከተማዋ ይታያሉ። የታላቁ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው የሚመጣው ከውኃ ስለሆነ፣ በውጭ ምንዛሬ ከሚገዛ ነዳጅ ይልቅ በአገር ውኃ መሄድ ለአገር የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው።

ለሹፌሩስ? የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም። በመሆኑም ከፍታው ምንም አይቀንስበትም። ፒስተን የለ፣ ፋሻ የለ፣ ዘይት መቀየር የለ። ከመነሻው ሙሉ ጉልበት ስላለው ፍሪሲዮንና ብዙ ማርሽ አያስፈልገውም። ቁልቁለት ላይ ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጀነሬተርነት ተለውጦ ፍሬን ያግዛል፣ ባትሪውንም በመጠኑ ይሞላል። ቆም ሄድ የሚያበዛ የከተማ ታክሲ ለእንዲህ ዓይነቱ ሞተር የተመቸ ሥራ ነው።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? አንደኛ ዋጋው። ሁለተኛ ባትሪው። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው በእርግጥ የሚገዛው ያገለገለ ባትሪ ነው። ባትሪ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ አቅሙን እየቀነሰ ይሄዳል። በመስተዋቱ ላይ ሙሉ ብሎ ቢያሳይም “ሙሉ” የተባለው ዱሮ ከነበረው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ጤንነቱ በኮምፒውተር ሳይለካ መግዛት፣ ሞተሩን ሳያስነሡ ናፍጣ እንደመግዛት ነው። ሦስተኛ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ። አጎቴ የሚኖረው ከሌሎች ጋር በጋራ ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ቆጣሪ ለአራት ቤተሰብ። “ሌሊት ሙሉ መኪና ልሰካ ብል ጎረቤቶቼ ያባርሩኛል” አለኝ። ሳቅን፣ ግን እውነቱን ነው።

ጉልበቱ ጎማ እስኪደርስ

ብዙ ገዢ ሞተሩን ብቻ አይቶ ይመለሳል። ሞተር ጉልበቱን ይፈጥራል እንጂ ጎማውን የሚያዞሩት ከኋላው የተሰለፉት ናቸው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ረጅሙ ዘንግ ከነክሮቸራው፣ ዲፈረንሻል። (እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣልያንኛ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን ሁሉም የጣልያን ቃላት ናቸው። ለቋንቋ ጥናት የሚሆን ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ ጋራዥ ሂዱ።)

ዶልፊንም አባዱላም ሞተራቸው ከፊት ወንበር በታች ነው፤ በተለመደው ዓይነታቸው የሚገፉት በኋላ ጎማ ነው። ይህ አሠራር ለታክሲ ጥሩ ነው። ሰው ሲሞላ ክብደቱ የኋላ ጎማውን ይጫነዋል፣ ዳገት ላይም አይንሸራተትም። ከጃፓን የመጡ አንዳንዶቹ ግን በአራቱም ጎማ የሚጎትቱ ናቸው። ሻጮች ይህን እንደ ትልቅ ነገር ያወሩታል። ለጭቃና ለገጠር መንገድ እውነት ይጠቅማል፤ ከዓለም ባንክ ጦር ኃይሎች ለሚመላለስ ታክሲ ግን ተጨማሪ ክብደት፣ ተጨማሪ ነዳጅና ተጨማሪ የሚበላሽ ዕቃ ነው።

ካምቢዮውም በእጅ የሚቀየር ወይም አውቶማቲክ ሊሆን ይችላል። አውቶማቲኩ ለሹፌሩ እግር ዕረፍት ነው። ነገር ግን አሮጌ አውቶማቲክ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ጥቂት ነው፣ ዋጋውም ያስደነግጣል። በእጅ የሚቀየረው የፍሪሲዮን ሸራ ይበላል፤ ያንን ግን ማንኛውም ጋራዥ ይቀይረዋል። ቁልቁለት ላይም በማርሽ ማውረድ ፍሬን ያሳርፋል።

እነዚህን መፈተሽ ከባድ አይደለም። መኪናውን እየነዱ መስማት ነው። ፍጥነት ሲጨምርና ሲቀንስ ከኋላ የሚያፏጭ ወይም የሚያለቅስ ድምፅ ካለ ዲፈረንሻሉ ነው። መነሻ ላይ “ቋ” የሚል ድምፅ ካለ ክሮቸራው ላልቷል። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ አልቋል። አንድ ማርሽ ገብቶ ተመልሶ ከወጣ ካምቢዮው ነው።

እስቲ በሒሳብ እንየው

በ2014 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲሻሻል ናፍጣ ከቤንዚን በለጠ። ከዚያ በኋላም ሁለቱ ተቀራርበው ይወጡ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ሁለቱም በሊትር ከ100 ብር አልፈዋል። ስለዚህ “ናፍጣ ርካሽ ነው” የሚለው የድሮ ወሬ በሊትር አይሠራም። ልዩነቱ ያለው በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል በሚለው ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል (ምሳሌ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁጥር ይተካ) ሚኒባሱ በቀን 150 ኪ.ሜ. ይሄዳል እንበል። ሊትሩን በ120 ብር እንያዘው። ቤንዚኑ በሊትር 8 ኪ.ሜ. ከሄደ በቀን 18.75 ሊትር፣ ማለትም 2,250 ብር ይፈልጋል። ናፍጣው በሊትር 10 ኪ.ሜ. ከሄደ 15 ሊትር፣ ማለትም 1,800 ብር። ልዩነቱ በቀን 450 ብር ነው። በወር 26 ቀን ቢሠራ 11,700 ብር።

ናፍጣው ሲገዛ ከቤንዚኑ በ200 ሺህ ብር ይወደዳል ብንል፣ ያ ገንዘብ የሚመለሰው ከ17 ወር በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ትርፍ ነው፤ ያውም ሞተሩ ካልወረደ። አንድ ጊዜ ሞተር አውርዶ ማሠራት የዓመት ቁጠባን ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል። እንግዲህ ከነዳጁ ዓይነት ይልቅ የሞተሩ ጤንነት እንደሚበልጥ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል።

ኤሌክትሪኩ በኪሎ ሜትር 0.3 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ በቀን 45 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። አንዱን በ10 ብር ብንይዘው 450 ብር ነው። ከናፍጣው በቀን 1,350፣ በወር 35,100 ብር ይተርፋል። ዋጋው ግን በ2 ሚሊዮን ብር ቢበልጥ ልዩነቱ የሚመለሰው ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ ነው። የጎረቤታችን ልጅ አልተሳሳተም ማለት ነው፤ መነሻ ገንዘቡ ላለው ሰው ትክክል ነው። አጎቴ ግን ያንን መነሻ ገንዘብ የለውም።

የጠዋቱ ፈተና

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። የመጀመሪያውን መኪና ያየነው ከሰዓት በኋላ ነበር። የናፍጣ ዶልፊን፤ ቀለሙ አዲስ፣ የወንበሩ ሽፋን አዲስ፣ ሞተሩ እንኳ ታጥቦ ያብለጨልጫል። ደላላው ቁልፉን ሲነካው ወዲያው ተነሣ። አጎቴ ፊቱ በራ። እኔ ሞኝ መስዬ “ጠዋትም እንዲህ ይነሣል?” ብዬ ጠየቅሁ። ደላላው “እህቴ፣ ይሄ የሴት ነገር አይደለም፤ ሞተር ነው” አለኝ።

ይዘነው የሄድነው መካኒክ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ምንም ሳይናገር እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። ትኩስ ነበር። እኛ ከመምጣታችን በፊት ሲሞቅ ቆይቷል። መካኒኩ ወደ ደላላው ዞሮ “ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ማንም ሳይነካው እናየዋለን” አለ። ደላላው “ነገ ሌላ ገዢ አለ” አለ። መካኒኩም ወደ አጎቴ ዞሮ “እንሂድ ወንድሜ” አለው። መንገድ ላይ ለእኔ “ልጄ፣ ሞተር ማታ ይዋሻል፣ ጠዋት አይዋሽም” አለኝ። የሞቀ ሞተር የላላ ፋሻውንም የደከመ ካንዴሌታውንም ይደብቃል። አጎቴ ለሁለት ቀን አኮረፈን፤ መኪናው ልቡን ወስዶት ነበርና።

ከዚያ ሰውዬ የተማርኩትን የጠዋት ፈተና በቅደም ተከተል ላስፍረው።

አንደኛ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ መነሣት አለበት። ሞተሪኖው ረጅም ጊዜ ከለመነው እመቃው ወይም ካንዴሌታው ደክሟል።

ሁለተኛ፣ ጭሱን ማየት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ፋሻ አልቋል ማለት ነው። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል፤ ይህ በእኛ ከፍታ በመጠኑ የተለመደ ስለሆነ አንዳንዴ በፖምፓ ማስተካከል ይድናል። ነጭ ጭስ ሞተሩ ሲሞቅ ካልጠፋ ውኃ እየገባ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ የዘይት ክዳኑን ሞተሩ እየሠራ መክፈት። ከውስጥ ጭስ በኃይል እየተነፈሰ ከወጣ ሞተሩ ደክሟል። ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል፤ ቴስታታ ወይም ጓርኒሲዮን ነው።

አራተኛ፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተር ክዳን መክፈት (ከሞቀ በፍጹም አይከፈትም፣ ያቃጥላል)። ውኃው ላይ የዘይት ዓይን ካለ ወይም ሲነሣ ያለማቋረጥ አረፋ ከወጣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ማስተያየት። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ነገ ቦሎ ሲሄድ ወይም ሲሸጥ ችግር ነው።

ስድስተኛ፣ ሙሉ ሰው ጭኖ ዳገት ማውጣት። ባዶውን ሁሉም መኪና ይሮጣል። እኛ በአራተኛው መኪና ላይ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበን ጭነን ነው የሞከርነው። ልጆቹ እስከ ዛሬ ሌላ መኪና መቼ እንደምንፈትሽ ይጠይቁኛል።

በመጨረሻ

ያ አራተኛው መኪና 3ኤል ሞተር ያለው ዶልፊን ነው። ቀለሙ የገረጣ፣ የጎን በሩ የሚንኳኳ፣ ወንበሩ የተቀዳደደ። ባለቤቱ ራሱ ሲነዳው የኖረ አዛውንት ናቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስንደርስ ኮፈኑ ላይ ጤዛ ነበር። ካንዴሌታውን ጠብቀው አንድ ጊዜ አዞሩት፣ ተነሣ። ትንሽ ጥቁር ጭስ፣ ከዚያ ጸጥ። ዳገቱን ሲወጣ ከኋላ ዲፈረንሻሉ ያፏጫል። አጎቴ “ጋሼ፣ ይሄ ነገር ድምፅ አለው” ቢላቸው “አውቃለሁ ልጄ፤ ኩሽኔታው ነው፣ ከዋጋው ላይ እቀንስልሃለሁ” አሉት። እንከኑን ሳንቆፍር የነገሩን እሳቸው ብቻ ናቸው። አጎቴ ገዛው። ከገዛ በኋላ መጀመሪያ የቀየረው የታይሚንግ ቺንጋውን ነው። አሁን ከዓለም ባንክ ጦር ኃይሎች ይመላለሳል። የናፍጣ ሰልፉ አሁንም ያማርረዋል፤ በሩም አሁንም ይንኳኳል። እናቴ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከፊት ተቀምጣ ገበያ ትወርዳለች።

እንግዲህ “የትኛው ሞተር ይሻላል?” ብሎ መጠየቅ በራሱ የተሳሳተ ጥያቄ ነበር። ትክክለኛው ጥያቄ “በየትኛው መንገድ፣ በስንት መነሻ ገንዘብ፣ በማን እጅ?” የሚለው ነው። በጋራ ግቢ ለሚኖር፣ ቀኑን ሙሉ ቆም ሄድ ለሚል፣ የራሱን መኪና ራሱ ለሚነዳ ሰው ቀላል የናፍጣ ሞተር፣ በእጅ የሚቀየር ካምቢዮና የኋላ ጎማ። የራሱ ቆጣሪና ሰፋ ያለ ካፒታል ላለው ኤሌክትሪክ። መኪናው አልፎ አልፎ ለሚንቀሳቀስ፣ ለምሳሌ ጠዋትና ማታ ብቻ ተማሪ ለሚያመላልስ፣ ኢንጄክሽን ያለው ቤንዚን።

እኛስ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከዚህ ምን እናገኛለን? ሦስቱ መካሪዎች አንዳቸውም አልዋሹም። ቤንዚን ጸጥተኛ ነው፣ ናፍጣ ይቆጥባል፣ ኤሌክትሪክ የነገ ነው። ግን ደላላው የነገረን በእጁ ያለውን መኪና፣ ጓደኛው የለመደውን፣ የጎረቤታችን ልጅ የሚመኘውን ነበር። ክፍል ውስጥ “ምንጫችሁ ከመረጃው ምን እንደሚጠቀም ጠይቁ” ስንባል በደብተራችን ጽፈን አልፈናል። እኔ የገባኝ ኮፈኑን የነካሁ ቀን ነው። አንዳንዱ መረጃ እኛ ከመድረሳችን በፊት ሞቆ ይጠብቀናል። ስለዚህ ከመጻፋችን በፊት እጃችንን እናሳርፍበት፤ ትኩስ ከሆነም ጠዋት ተመልሰን እንምጣ።